ቁርጭምጭሚት ሲያም፦ ለጎንደር ሯጮች ከመጀመሪያው ቀን እስከ ዳግም ሩጫ

ጎንደር ላይ ሩጫ ማለት ዳገትና ቁልቁለት ነው። ከፒያሳ ወደ አዘዞ መውረድ፣ ወይ ወደ ጎሃ መውጣት። ሰፈር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ኮብልስቶኑ አለ፤ አንዱ ድንጋይ ሲወልቅ ልክ እግር የሚገባበት ጉድጓድ ይቀራል። ቁርጭምጭሚት ቢታመም አያስገርምም። ችግሩ ብዙ ሰው ወይ ሕመሙን ችሎ ይሮጣል፣ ወይ ተኝቶ ይከርማል። ሁለቱም አያድኑም።

መጀመሪያ ቦታውን ለዩ። በአንድ ጣት ብቻ ነጥቡን ፈልጉ። ከውጭ በኩል ካለው ጉብታ ፊትና በታች ከሆነ፣ እግራችሁም ወደ ውስጥ ታጥፎ ከነበረ፣ ወለምታ መሆኑ አይቀርም፤ ጅማቱ ተለጥጧል ወይም ተበጥሷል። ከተረከዝ በላይ ያለው ወፍራም ጅማት ከሆነ ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ ግትር ይላል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ዳገት ወይም ርቀት በድንገት ሲጨመር የሚመጣ ነው። ከውስጥ ጉብታ ጀርባ የሚያመው እግራቸው ጠፍጣፋ የሆነ ሯጮች ላይ ይበዛል። አጥንቱ ራሱ አንድ ነጥብ ላይ ካመመ፣ በየሩጫው ከባሰና ሌሊትም ካላስተኛ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ሩጫውን ዛሬውኑ አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ቀጥሎ ራጅ ያስፈልግ እንደሆነ ፈትሹ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ፣ ወይም የሁለቱን ጉብታዎች ጫፍና የኋላ ጠርዝ ስትጫኑ አጥንቱ ካመማችሁ፣ ወደ ሆስፒታል። ከተረከዝ በላይ «ጧ» ብሎ በጣት መቆም ካቃታችሁም እንዲሁ፤ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

ወለምታ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ወሳኝ ናቸው። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አድርጉበት። ፋሻውን ከጣቶች በላይ ጀምራችሁ ወደ ላይ ጠምጥሙ፤ ጣቶቻችሁ ከደነዘዙ አላሉት። ስትተኙ እግሩን ከልብ ከፍ አድርጉ።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ልበል። አገራችን ላይ ወለም ያለው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። ልማዱን አከብራለሁ። ግን ትኩስ ጉዳት ሲታሽና ሲጠመዘዝ ደሙ ይጨምራል፣ እብጠቱም ይብሳል። ስብራት ካለማ አጥንቱን ከቦታው ሊያንሸራትት ይችላል። እባካችሁ በእነዚህ ቀናት ማሸትም፣ ሙቅ ውሃም፣ የሚያቃጥል ቅባትም ይቅር። ማስታገሻ ውጣችሁም አትሩጡ፤ ጨጓራ ያለባችሁ ደግሞ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን ሐኪም ሳይጠየቅ አትውሰዱ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን አንቲባዮቲክ የጀመራችሁ ካላችሁ፣ መድኃኒቱ የተረከዝን ጅማት ሊጎዳ ስለሚችል ሕመም ከተሰማችሁ ቶሎ ለሐኪሙ ንገሩ።

እብጠቱ ጋብ ሲል ሥራው ይጀመራል። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ ያው እግር ደጋግሞ ወለም የሚለውም ለዚህ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ በታመመው እግር አውራ ጣት አየር ላይ ከሀ እስከ ፐ ጻፉ። ከዚያ ግድግዳ አጠገብ በታመመው እግር ብቻ 30 ሰከንድ ቁሙ። ቁርጭምጭሚቱ ግራ ቀኝ ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ፤ ሚዛን እየተማረ ነው። ሲቀላችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ።

የተረከዝ ጅማት ላመማችሁ ደግሞ ደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶቻችሁ ቁሙ። በሁለት እግር ተነሱ፣ ክብደቱን ወደታመመው አዙሩ፣ ተረከዙን ቀስ ብላችሁ አውርዱ። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ጉልበት ዘርግታችሁም አጥፋችሁም፣ ጠዋትና ማታ። 12 ሳምንት ይፈልጋል፤ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ሕመሙ ጅማቱ ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያያዝበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ከደረጃው በታች አትውረዱ፤ ወለል ላይ ሥሩት።

30 ደቂቃ ፈጥናችሁ ስትራመዱ ካላመመ፣ በአንድ እግርም አሥር ጊዜ መዝለል ከቻላችሁ፣ አንድ ደቂቃ ሩጫ አንድ ደቂቃ እርምጃ እያደረጋችሁ ጀምሩ። ደልዳላ አፈር ምረጡ፤ ቁልቁለቱና ኮብልስቶኑ መጨረሻ ላይ ይምጡ። ሰልባጅ ጫማ ከሆነ የምታደርጉት፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት። ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ለሩጫ አይሆንም። በማግስቱ ጠዋት እብጠት ከመጣ አንድ ደረጃ ወደኋላ ተመለሱ። በስድስት ሳምንት ምንም ለውጥ ካላያችሁ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሂዱ።