ልጅን «ስድ» ከማለት በፊት

«ስድ» የሚለው ቃል «ሰደደ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ጠባቂ ሳይኖረው የተለቀቀ ማለት ነው። ስለዚህ «ስድ አደግ» ሲባል ነቀፋው ከልጁ ይልቅ ያሳደገውን ይነካል። «አሳዳጊ የበደለው» የሚለው አነጋገርም ይህንኑ በግልጽ ይናገራል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ከአዲስ አበባ የመጡትን አያቱን «ነይ ብይ» ያለ ልጅ «ባለጌ!» ተብሎ ሲቆጡት ያንገበግበኛል። እናቱ የገዛ እናቷን «እማዬ፣ ነይ» ስትል ይሰማል፤ ለእናት «አንቺ» ማለት የፍቅር ነው፣ ነውር የለበትም። ልጁ ግን የሰማውን ደገመ። መፍትሔው ከእናት ይጀምራል፦ «አያትህን ምሳ ደርሷል፣ ይምጡ በላቸው» ብላ ትላከው። መልእክቱን ሲያደርስ አንቱታውንም አብሮ ይለምዳል።

ሰዋስው አታስተምሩት። «እነሱ መጡ»፣ «እነሱ በሉ» ማለት ከቻለ ግማሹን ያውቀዋል፤ ለአያቱም ግሱ ያው «መጡ»፣ «በሉ» ነው። ቀጥሎ በየቀኑ የሚያስፈልጉትን ያዙ፦ ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻውን እሱ ያዙር። ሰሃኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከትልቁ ሰው ጀምሮ፣ ጎንበስ ብሎ «ይዝገኑ» ይበል። ይህችን ቃል ልጆች በጣም ይወዷታል፤ ሰው ሁሉ እየመረቀ ይዘግናላቸዋል።

«እርስዎ» ወይስ «አንቱ»? በአያቱ አገር የሚባለውን። የጎንደርና የጎጃም ሽማግሌ «አንቱ» ሲባሉ ደስ ይላቸዋል፤ አዲስ አበባ «እርስዎ» ይበዛል። ስም ብቻውን አይጠራ፤ አባባ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ እትዬ ይቅደም። ሽማግሌ ሲገቡ ተነስቶ «ኖር» ማለትንም አሳዩት፤ «በእግዜር» የሚለውን መልስ ሲሰማ በኩራት ይቀመጣል።

ሲሳሳት እንግዳ ፊት አትቆጡት። ትክክለኛውን ቃል ቀስ ብላችሁ በጆሮው ንገሩትና ይድገመው።

አንዳንድ ጎልማሳ ደግሞ «አንቱ አትበለኝ፣ አታስረጀኝ» ይላል። ያን ጊዜ ልጁ «እሺ ጋሼ» ብሎ «አንተ» ይበላቸው፤ ፈቃዱ የራሳቸው ነው።