ከምንጩ በላይ የሚያርሰውን ሰው አትርሱት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ባለሙያ ፕሮፖዛል ይዞልኝ መጣ። ደሴ ዙሪያ ውስጥ ምንጭ ለማጎልበት ነው። ሲሚንቶ አለ፣ ብረት አለ፣ ቧንቧ አለ፣ የምረቃው መስተንግዶ ሳይቀር በጀት ተይዞለታል። «ከምንጩ በላይ ያለውን መሬት የሚያርሰው ማነው?» አልኩት። ዝም አለ። እኔም ሻዬን ጨርሼ፣ ምንጭ ለምታጎለብቱ ሁሉ ብዬ ይቺን ጽሑፍ ጀመርኩ።

ልጁን ልቆጣው አልፈለግኩም። ግን ይኼው ስህተት በየዓመቱ ነው የሚመጣብኝ፤ አሁንስ በዛ።

ምንጭ የሚፈልቅበት ቦታ በር ነው፤ ቤቱ ያለው ከበላዩ ተዳፋት ላይ ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ያደገ ሰው ይኼን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ዝናቡ ተዳፋቱ ላይ ይጥላል፣ አፈር ውስጥ ይሰርጋል፣ ታች በድንጋይ ስንጥቅ ይወጣል። ላይ ያለው ተዳፋት ያለ እርከን ከታረሰና ከብት ከተለቀቀበት ግን ውኃው መስረጉን ትቶ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። ጎርፉ ወደ ቦርከና ወንዝ፣ ደለሉ ወደ እናንተ ማጠራቀሚያ። በጋ ሲሆን ደግሞ ምንጩ ይሳሳል። እንግዲህ ውኃችሁ ያለው በዚያ ገበሬ እጅ ነው። ገንዘቡ ግን ሁሌም ታች ሲሚንቶ ላይ ያልቃል። ላይ ላለው ሰው የሚደርሰው «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ማረስ የለም» የሚል ቃል ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ይኼን ቃል ይዤ የሄድኩት እኔ ራሴ ነበርኩ። አንድ አባት እስክጨርስ ሰሙኝና «ልጄ፣ ውኃውን የሚጠጣው የታች አገር፣ ገብሱን የሚያጣው እኔ። አላህ ያሳያችሁ፣ ይኼ ፍርድ ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በክረምቱ እስከ አጥሩ ጥግ አረሱት። ሐምሌ ላይ ከቦኖው የሚወርደው ውኃ ቡና መስሎ ነበር።

ሕግ የሚጠቅስልኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ገና ያኔ ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም እንዳይውል ጽፎ ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት እርከን ከተሠራለት ብቻ ነበር። ግን ልጆቹን የሚያበላው ሌላ ከሌለው ሰውየው አዋጁን ምን ያድርገው? ስለዚህ በበጀታችሁ መጀመሪያ የሚጻፈው የእሱ ድርሻ ይሁን። የእርከን ሥራ፣ የደሾ ሣር፣ ቀፎ፣ የሚስማማው ከሆነ የአፕል ችግኝ። ሣሩ ታጭዶ እስኪሸጥ፣ ችግኙ እስኪያፈራ ድረስ ለሚቀርበት ምርት ማካካሻ። ማካካሻውን ደግሞ በአንድ ቀን አትስጡት። በየምዕራፉ ይሁን፤ እርከኑ ሲያልቅ አንድ፣ ሣሩ ሲይዝ አንድ፣ አንድ ክረምት ሲያልፍ የመጨረሻው።

በጀት ውስጥ «የመሬት ግዢ» የሚል መስመር አይቼም አውቃለሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ብሏል። ገበሬው ባለይዞታ ነው። አለቀ።

ባልየውን ብቻ ማስፈረምም አለ። የይዞታ ደብተሩን ገለጥ አድርጉት፤ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለበት። እሷ ያልተስማማችበት ውል የት ይደርሳል? ደግሞስ ሣሩን የምታጭደው ማን ሆና ነው?

አሁን ወደ እኔ ጥፋት። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ምንጩን የለካሁት መስከረም ላይ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሰከንድ ሞላልኝ። በሰከንድ ግማሽ ሊትር፣ በቀን 43,200 ሊትር ማለት ነው። ለገጠር በሰው 25 ሊትር ብዬ ሳካፍለው ከ1,700 ሰው በላይ ያጠጣል። ደረቴን ነፍቼ ሦስት ቦኖ አስወሰንኩ። ጥር ላይ ያው ጀሪካን ለመሙላት ሁለት ደቂቃ ፈጀ። 1,700ው ወደ 570 ወረደ። አንደኛው ቦኖ ላይ እናቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ሲያዩኝ የምገባበት ጠፋኝ። እናንተ በልጉ ሳይጥል ጥር ላይ ለኩ፤ ክረምቱ ሳይገባ ሰኔ መግቢያ ላይ ድገሙት። ፕሮፖዛሉ ላይ የሚጻፈው ትንሹ ቁጥር ነው።

ግንበኛው «ውኃውን ትንሽ ከፍ ላድርገው» ካላችሁ እምቢ በሉ። የምንጭ ዓይን ከተፈጥሮ ከፍታው በላይ ውኃ ከተጫነበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አንዱ እንዲህ ጠፍቶብን ከአርባ እርምጃ በታች የሰው ጤፍ ውስጥ ብቅ አለ።

ባህር ዛፍ ምንጭ ዳር አይተከልም። ተተክሎ ከቆየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባህር ዛፍ ለገበሬው ባንኩ ነው፤ ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም የሚቆረጥ። «ንቀለው» ከማለታችሁ በፊት ዋጋውን በጀት ውስጥ ፈልጉ። በምትኩ ወይራና ጽድ ይያዝ።

የጉልበት መዋጮን አለመመዝገብ፦ ሰው በደቦ ድንጋይ ሲያመላልስ ይከርማል፣ ሪፖርት ላይ ዜሮ ይጻፋል። ከዚያ ለጋሹ «የማኅበረሰቡ ድርሻ የታለ?» ይላል። ደብተርና እስክሪብቶ ከአካፋ ጋር ይምጣ።

የውኃ ኮሚቴ አቋቁሞ ቅሬውን፣ ማለትም የአካባቢውን እድር፣ መዝለል ደግሞ ሌላው ነው። ኮሚቴው ማኅተም አለው፤ የሚፈራውና የሚከበረው ግን ቅሬው ነው። ቃሉ ወረዳ አንድ ቀበሌ ውስጥ የምንጩ አጥር በየጊዜው ይፈርስ ነበር። ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ምንም። ቅሬው «እዚያ ከብት የለቀቀ ይቀጣል» ብሎ ሲወስን አጥሩ መፍረሱ ቀረ። ውሉ ሲጻፍ የቅሬ ዳኞቹ ይኑሩበት።

ልጁ ትናንት ማታ ደወለልኝ። ላይ ወጥቶ አይቷል። አራት ባለይዞታዎች አሉ፤ ሦስቱ ለመነጋገር ፈቃደኛ ናቸው። አራተኛው በድንበር ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ጉዳዩ ሽማግሌ ዘንድ ነው። «ጋሼ፣ እሱን ትቼ በሦስቱ ብጀምርስ?» አለኝ። የእሱ ማሳ የት ጋ ነው ስለው፣ ልክ ከምንጩ ራስ ላይ። ቅዳሜ አብረን ሽማግሌዎቹ ዘንድ እንሄዳለን። መንገዳችንን ምንጩን እንድንለካው ጀሪካን ያዝ ብዬዋለሁ።