ዓይናችሁ ላይ የሚመጣው ምንድን ነው? የሥራ መነጽርና የፊት መከላከያ አመራረጥ

ብዙ ሰው የሥራ መነጽር ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ዋጋውን ነው፣ ቀጥሎ ቅርጹን። ሥራው ትዝ የሚለው ፍንጣሪ ዓይኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። እናንተ ገልብጡት። መጀመሪያ ሥራው ያለበት ቦታ ቁሙና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ምንድን ነው የሚመጣው? በየት በኩል?

ግራይንደር (ብረት መሞረጃ ማሽን) የያዘ ሰው አጠገብ (በሰላም ርቀት!) ትንሽ ቆማችሁ እዩ። ፍንጣሪው ሁሉ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንዳንዱ ደረቱን መትቶ ወደ ላይ ይነሳል፣ አንዳንዱ ጉንጩን ነክቶ በመነጽሩ ሥር ሾልኮ ይገባል። መነጽር አድርጎ ዓይኑ ውስጥ ብረት የገባበት ሰው የምትሰሙት ለዚህ ነው። መስታወቱ አልተሰበረም፣ ያስገባው ክፍተቱ ነው። ስለዚህ መነጽር ስትሞክሩ በቅንድብ፣ በጎንና በጉንጭ በኩል ያለውን ክፍተት በጣታችሁ ፈትሹ። እኔ ትንሿ ጣቴ እንደ ልብ ከገባች ያንን መነጽር መልሼ አስቀምጠዋለሁ፣ የቱንም ያህል ቢያምር።

ከዚያ ጥቃቅኑን ጽሑፍ አንብቡ። በአሜሪካ ደረጃ የተሠራ ከሆነ "ዜድ 87" የሚል ምልክት አለው። ለግራይንደር የምትፈልጉት አጠገቡ የመደመር ምልክት ያለበትን ነው፣ ከባድ ምት ይችላል ማለት ነው። በአውሮፓው ኢኤን 166 ደረጃ በተሠራው ላይ ደግሞ የምቱ አቅም በፊደል ይጻፋል፦ "ኤፍ" በሰከንድ 45 ሜትር የምትበር ትንሽ የብረት ኳስ የሚችል፣ "ቢ" 120 ሜትር፣ "ኤ" 190 ሜትር። ተራው የእጀታ መነጽር ከ"ኤፍ" አያልፍም። "ቢ" ለጎግል (ዙሪያውን ፊት ላይ ለሚገጥመው መነጽር) እና ለፊት መከላከያ፣ "ኤ" ለፊት መከላከያ ብቻ ነው። ስስ መነጽር ላይ "ኤ" ተጽፎ ካያችሁ ሻጩን ሳይሆን ምልክቱን ጠርጥሩ፤ እሱማ ራሱም አያውቅ ይሆናል።

ለማንበብ ወይም ለማየት የምታደርጉት መነጽር የሥራ መነጽር አይደለም። ወይ ከላዩ የሚደረብ ሰፊ መከላከያ ፈልጉ፣ ወይ በዓይናችሁ ልክ የተሠራ የሥራ መነጽር አሠሩ።

አሲድ፣ ማጽጃ ኬሚካልና የመሳሰለው ፈሳሽ ካለ መነጽር አይበቃም፣ ፊት ላይ ግጥም የሚል ጎግል ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአየር ማስገቢያው ነው። ቀጥ ብሎ የተበሳ ቀዳዳ ያለው ጎግል ለብረት ፍርፋሪ ይሆናል፣ ፈሳሽ ግን በዚያው ቀዳዳ ሰተት ብሎ ይገባል። አየሩ ዞሮ የሚገባበትን፣ ቀዳዳው የተሸፈነውን ምረጡ። በአውሮፓው ደረጃ የሚጻፉት ቁጥሮችም ይረዳሉ፦ 3 ለፈሳሽ፣ 4 ለሻካራ አቧራ፣ 5 ለደቃቅ ብናኝ። የቀለጠ ብረት የምትሠሩ ከሆነ 9 ቁጥርን ፈልጉ።

የፊት መከላከያውስ? እሱ ተደራቢ ነው። ጉንጭና አገጭ ያድናል፣ ግን ከሥርና ከጎን ክፍት ስለሆነ ብቻውን ዓይን አይጠብቅም። ውስጡ መነጽር ወይም ጎግል ይኑር።

ብየዳ የራሱ ዓለም ነው። ጥቁር መስታወት ሁሉ የብየዳ መስታወት አይደለም፤ በፀሐይ መነጽር የሚበይድ ሰው ካያችሁ ሥራውን አስቁሙት። በኤሌክትሮድ ስትበይዱ ከ60 እስከ 160 አምፔር ድረስ ዝቅተኛው የመስታወቱ የጥቁረት ቁጥር 8 ነው፣ የሚመከረው ግን 10። ከ160 እስከ 250 አምፔር ዝቅተኛው 10፣ ከዚያ በላይ 11 ይሆናል። በጋዝ ብየዳ እንደ ብረቱ ውፍረት ከ4 እስከ 8 ይበቃል። ከጠቆረው ጀምራችሁ ብየዳው በደንብ እስኪታያችሁ ድረስ አንድ አንድ ቁጥር ቀንሱ፣ ከዝቅተኛው ግን አትውረዱ። ብረቱን ይዞ የሚረዳውንም ሰው አትርሱት። ብየዳ የሚመታው በያጁን ብቻ አይደለም፣ ደግሞም ወዲያው አይታወቅም፤ ከሰዓታት በኋላ ሌሊት ላይ ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል። ሌላው የሚረሳው ነገር፦ በያጁ ማስኩን ወደ ላይ ገልብጦ የብየዳውን ቅርፊት በመዶሻ ሲያራግፍ ዓይኑ ባዶ ነው። ከማስኩ ሥር ያልጠቆረውን፣ ጥርት ያለውን የሥራ መነጽር ማድረግ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። መነጽሩ በላብ ስለሚደበዝዝ ሠራተኛው ግንባሩ ላይ ይሰቅለዋል። እንፋሎት የማይዝ ሽፋን ያለውን (በአውሮፓው ምልክት "ኤን")፣ ቶሎ የማይጫጫረውን ("ኬ") ምረጡ። በቱታ ጫፍ ደረቁን አትጥረጉት፣ በውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት። ቲነርና አሴቶን ፖሊካርቦኔትን (መነጽሩ የሚሠራበትን ፕላስቲክ) ይሰነጥቁታል፣ አታስጠጉት።

ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ዓይነት አምጡና ሠራተኞቹ ሙሉ ፈረቃ አድርገው ይሥሩበት። ከሰዓት በኋላ ዞር ዞር ስትሉ ግንባር ላይ የተሰቀለ ካያችሁ አትቆጡ፣ ምን እንዳስቸገረው ጠይቁት፦ አፍንጫውን ቆነጠጠው? ጆሮውን አቆሰለው? ደበዘዘበት? በዚያው ልክ ሌላውን አስሞክሩት።