ነጠላው ከፎቶው ጋር አልገጥም ሲል ያገኘሁት መፍትሔ

ደብረ ማርቆስ ሆኜ ነጠላና ቀሚስ በቴሌግራም እሸጣለሁ። እኔ ትእዛዝ ብቻ ተቀብዬ አዲስ አበባ ያለ አቅራቢ በቀጥታ ለገዢው ሲልክ ገንዘብ አይታሰርም፤ ነገር ግን የሚላከው ከፎቶው ጋር አልገጥም አለ። አረንጓዴ ጥለት ያዘዙ እናት ሰማያዊ ደረሳቸው። ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መመለሱ ደግሞ ትርፉን ይበላዋል።

አሠራሩን ለሁለት ከፈልኩት። ቶሎ የሚሸጠውን ነጠላ ከከተማችን ሸማኔዎች በጥቂት በጥቂቱ በእጅ በእጅ እገዛለሁ፤ በቀን ብርሃን ዘርግቼ፣ የተበጠሰ ድር እንዳይኖረው ፈትሼ፣ ያንኑ ራሱን ፎቶ አነሳለሁ። ውዱን ቀሚስ ግን በልክ፣ ግማሽ ቀብድ ተቀብዬ ብቻ አሠራለሁ። ቀብዱን በዕለቱ ለሸማኔው አስተላልፋለሁ፤ የእሱ ላብ በዱቤ መያዝ የለበትም። የማጓጓዣውንም ዋጋ ለብቻው አስቀድሜ ስለምጽፍ ጭቅጭቁ ቀርቷል።