ከጎረቤት ላብራቶሪ ጋር ናሙና ከመካፈላችሁ በፊት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር፣ በአንድ የክልል ላብራቶሪ ሞለኪውላር ክፍል ውስጥ ተረኛ ነበርኩ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የተጠርጣሪዎች ናሙና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተልኮ ነበር የተመረመረው። ቀጥሎ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አዲስ አበባ ላይ ጀመረ። ከዚያ አርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ፣ የክልል ላብራቶሪዎችና ዩኒቨርሲቲዎች ተራ በተራ ገቡበት። እኛም ከአንድ ዩኒቨርሲቲና ከአንድ የእንስሳት ላብራቶሪ ጋር ተጣምረን ሠራን። ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ አዲስ ተረኛ የሚሆን ሰው እኛ የከፈልነውን ድጋሚ እንዳይከፍል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ኃላፊዎች ሲሰበሰቡ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ፒሲአር ማሽን አለ?» የሚለው ነው፤ ፒሲአር የቫይረሱን ዘረመል በዑደት እያባዛ የሚያሳይ ምርመራ ነው። እናንተ ግን ናሙናው ተሰልፎ የሚያድረው የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ። እኛ ጋ የሚያድረው ኤክስትራክሽን ላይ፣ ማለትም የቫይረሱ ዘረመል (አርኤንኤ) ከናሙናው ተለይቶ በሚወጣበት ሥራ ላይ ነበር። ናሙና የሚገባበት የፒሲአር ፕሌት (ሳህን) 96 ጉድጓድ አለው፤ ሦስቱን ለኮንትሮል (ሥራው ትክክል መሆኑን ለማመሳከሪያ) ስንተው 93 ሰው ይይዛል። ማሽኑ ይህን ሁሉ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይጨርሳል። ቱቦ የሚያሽከረክረው ማሽን፣ ሴንትሪፉጃችን፣ ግን በአንድ ዙር 24 ቱቦ ብቻ ነበር የሚይዘው። አንዱን ፕሌት ለመሙላት አራት ዙር ያስፈልጋል፣ አንዱ ዙር ደግሞ በእጅ ሲሠራ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሁለተኛ ፒሲአር ማሽን ቢሰጠን ኖሮ ሁለቱም ሥራ ፈትተው ይቀመጡ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ደህና ሴንትሪፉጅ፣ ሁለት ባዮሴፍቲ ካቢኔት (አየር እያጣራ ሠራተኛውን የሚጠብቅ የሥራ ሳጥን)ና እጃቸው የፈታ መምህራን ነበሩት፤ ፒሲአር ማሽኑ ግን ተበላሽቶ ቆሞ ነበር። ስለዚህ ኤክስትራክሽን እነሱ ጋ፣ ፒሲአር እኛ ጋ ብለን ተካፈልን። በሳምንቱ በቀን የምናወጣው ውጤት እጥፍ ሆነ።

እንዲህ ስትካፈሉ የተዘጋጀው አርኤንኤ በበረዶ ላይ ሆኖ በዚያው ቀን መድረስ አለበት። ካልደረሰ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ይቀመጥ፤ ተራ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ናሙናውን መጣል ነው። ያልተነካው ናሙና ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ድረስ ሦስት ቀን ይቆይላችኋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በኤክስትራክሽን ጊዜ ቫይረሱን የሚሰብረው ፈሳሽ፣ ላይሲስ በፈር፣ ላይ ጓኒዲን የሚል ስም ካያችሁ በረኪና እንዳታስጠጉት። ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አዲስ የመጣ የጽዳት ሠራተኛ የፈሰሰ ነገር ሲያይ ወዲያው በረኪና ነው የሚያነሳው፤ ማንም ካልነገረው ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የኤክስትራክሽን ቆሻሻ የራሱ ባልዲ ይኑረው፤ ባልዲው ላይም «በረኪና ክልክል ነው» ተብሎ በአማርኛም በአካባቢው ቋንቋም ይጻፍበት።

አሁን ወደ ናሙናው ስምና ቁጥር ልምጣ፤ ብዙ የተጎዳነው እዚህ ላይ ነው። ከአንድ ወረዳ የመጣ አይስ ቦክስ ስንከፍት በረዶው ቀልጦ ቱቦዎቹ ውኃ ላይ ተንሳፍፈው አገኘናቸው። ስሙ በእስክሪብቶ በወረቀት ተጽፎ የተለጠፈ ነበር፤ ቀለሙ ታጥቦ ወረቀቱ ብቻ ቀርቷል። የአሥራ ሰባት ሰው ናሙና የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀረ። ናሙናውን የወሰደችው ነርስ ጋ ደወልኩላት። ዝም አለችና «ወንድሜ፣ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ነው የመጡት፤ እንዴት ብዬ ድጋሚ ልጥራቸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ሦስት ነገር ለወረዳዎቹ ሁሉ አስተማርን፦ የሚጻፈው በማይለቅ ማርከር ይሁን፤ በክዳኑ ላይ ሳይሆን በቱቦው አካል ላይ ይሁን፣ ክዳን ይለዋወጣልና፤ ቱቦዎቹ በመደርደሪያ ቆመው በፕላስቲክ ከረጢት ይታሸጉ እንጂ በረዶውን አይንኩ።

ከዚህም በላይ አንድ ናሙና አንድ ቁጥር ብቻ ይኑረው። እያንዳንዱ ላብራቶሪ የራሱን ኮድ ሲጨምርበት ናሙናው ሦስት ስም ያወጣል፤ ስም ሲያወጣ ደግሞ ሰውየው ይጠፋል። የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ የሰጠው ቁጥር እስከ ውጤቱ ድረስ ይሂድ። ሌላ መለያ ከፈለጋችሁ በመዝገባችሁ ውስጥ ከጎኑ ጻፉት። ቱቦውን ግን አትንኩት።

የእንስሳት ላብራቶሪ ባለሙያዎች ሲመጡ አንዳንድ ባልደረቦቼ ቅር ብሏቸው ነበር። የእንስሳት ሐኪም የሰው ምርመራ ምን ያውቃል የሚል ስሜት ነበር። እኔ ግን ያረሙኝ እነሱ ናቸው። እነሱ በደስታ መሰል የበግና የፍየል በሽታና በአፍተግር ምክንያት ፒሲአር ለዓመታት ሲሠሩ ኖረዋል። አንድ ቀን ምንም ናሙና ያልገባበት ኔጋቲቭ ኮንትሮላችን በ34ኛው ዑደት ላይ ከፍ አለ፤ ብክለት ገብቷል ማለት ነው። የሙሉ ፕሌቱን ውጤት ሳንለቅ መያዝ ነበረብን። ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ የእንስሳት ላብራቶሪ ባለሙያ ኪሳችንን ማየት ጀመሩ። ማስተር ሚክስ (የፒሲአር ንጥረ ነገሮች ድብልቅ) የምትሠራው ልጅ ኪስ ውስጥ ከኤክስትራክሽን ክፍል የመጣ ማርከር አገኙ። «ከንጹሑ ክፍል ወደ ቆሻሻው ትሄዳላችሁ፤ ከቆሻሻው ግን እስክሪብቶ እንኳ ተመልሶ አይመጣም» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሦስቱም ክፍል (ለማስተር ሚክስ፣ ለኤክስትራክሽንና ለፒሲአር) ለየብቻ ጋውን፣ ፓይፔት፣ ማርከርና ወንበር መደብን። የቀለም ምልክትም ለጠፍንባቸው። ኔጋቲቭ ኮንትሮላችን ወዲያውኑ ጸዳ።

ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ተፈታተኑ። አዲስ የሚገባው ላብራቶሪ መርምሮ ውጤታቸውን ያወቃቸውን አምስት ፖዘቲቭና አሥር ኔጋቲቭ ናሙናዎች ነባሩ ላብራቶሪ ውጤቱን ሳያይ ድጋሚ ይመርምራቸው። ከዚያም ነባሩ በተራው የራሱን ናሙናዎች ለአዲሱ ይላክለት። ባልተስማማችሁበት ናሙና ላይ አብራችሁ ተቀመጡና ግራፉን እዩ። የምርመራ ኪታችሁ ከተለያየ ደግሞ የሚፈልጉት የቫይረሱ ጂን ሊለያይ ይችላል፤ ስለዚህ የአንዱን ሲቲ ቁጥር (ቫይረሱ የታየበትን ዑደት) ከሌላው ጋር አታወዳድሩ። ድንበር ላይ ያለው ደካማ ፖዘቲቭ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ግን ከመጀመሪያው ቀን በፊት በወረቀት ተፈራረሙበት። ሰውየው ከተማ ሲቀይር ውጤቱ መቀየር የለበትም።

ኪት ሲያጥር የተለያየ ሰው ናሙና አዋሕዶ በአንድ መመርመር ይረዳል፤ ነገር ግን በሽታው ሲበዛ አይረዳም። ከ100 ሰው 2ቱ ብቻ ቢያዙና አምስት አምስቱን ብታዋሕዱ፣ ፖዘቲቭ የወጣውን ቡድን ለየብቻ መድገሙን ጨምሮ 30 ያህል ምርመራ ይበቃችኋል። ከ100 ሰው 20 ቢያዙ ግን 87 ያህል ይፈጃል፤ ያን ጊዜ ድካሙ ከትርፉ ይበልጣል። ደካማ ናሙናም በአምስት ሲቀጥን ሁለት ዑደት ያህል ይዘገያልና ሊያመልጣችሁ ይችላል።

ውጤቱን ማን እንደሚልክ አስቀድማችሁ ወስኑ። እኛ ሁለታችንም ስንልክ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተቆጠረ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ እናንተ ልካችኋል ብለን ማናችንም ሳንልክ ቀረን፤ ያ ሰው ለአራት ቀን በለይቶ ማቆያ ቤት ተቀመጠ። ውጤት የሚወጣው ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰው ስም ይሁን። ያ ሰው በታመመ ቀን የሚተካውም ስሙ ከታች ይጻፍ።

የመጨረሻው ነገር አይስ ቦክሱ ነው። ናሙና ያመጣው ሾፌር ባዶውን ታጥቦ፣ በረዶው ተተክቶ፣ በዚያው ጉዞ ይዞ ካልተመለሰ ነገ ያ ወረዳ ናሙና አይወስድም። እኛ ዘንድ አሥራ አንድ አይስ ቦክስ ኮሪደር ላይ ተደርድረው ሳለ ሦስት ጤና ጣቢያ «የምንይዝበት የለንም» ብለው ሰው የመለሱበት ሳምንት ነበር። በር ላይ መዝገብ አስቀምጡ፤ የገባው ቦክስ ቁጥር፣ የወጣው ቦክስ ቁጥር፣ የሾፌሩ ፊርማ። ማታ በሩን የሚዘጋው ተረኛ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቶ ይፈርምበት፤ ልዩነት ካለም ከመሄዱ በፊት ለወረዳው ይደውል።