በረዶ ማሳ ሲመታ፦ ከቆጠራ እስከ ዕርዳታ መዝገብ

ጎጃም ውስጥ ክፉው በረዶ ሰብሉ ካሸተ በኋላ የሚጥለው ነው። በዚያ ጊዜ ቀበሌ ሄዶ አቤት ማለት ብቻውን አይበቃም። ዕርዳታ የሚሰጠው በመዝገብ ነው፤ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረውም ጉዳቱን የሚያጣራው ኮሚቴ መጥቶ ማሳው ላይ ያየው ነው።

በረዶው በጣለ በማግስቱ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያና ለሊቀ መንበሩ ያመልክቱ። በቃል ቢነግሩም በጽሑፍ ይድገሙት፦ ቀኑ፣ የጎጡ ስም፣ የእያንዳንዱ ማሳ አዋሳኝ፣ የሰብሉ ዓይነት። ሁለት ቅጂ ያዘጋጁና በእጅዎ በሚቀረው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን ያስደርጉ። ያለዚያ «ማመልከቻው አልደረሰንም» ሲባሉ መልስ ያጣሉ።

የጉዳቱን መጠን ግን በዚያው ዕለት አይወስኑ። አምስት ቅጠል ያልሞላ በቆሎ ቅጠሉ ቢበጣጠስም የሚያድግበት እምብርት ገና አፈር ውስጥ ስለሆነ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ያገግማል። በቡቃያው የተመታ ጤፍም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ዘለላው ወጥቶ ፍሬው የረገፈ ጤፍ ግን ተስፋ የለውም፤ እሱን ወዲያው ማስቆጠር ይቻላል።

ጉዳቱን ለመቁጠር፣ ለስንዴ አራት ችካልና 4 ሜትር ገመድ ይበቃል፤ 1 ሜትር በ1 ሜትር ካሬ ይወጣዋል። ከማሳው ዳር ገባ ብለው በአምስት ቦታ ይትከሉትና የቆመውንና የተሰበረውን አገዳ ይቁጠሩ። የተጎዳውን ጥግ ብቻ መምረጥ አያዋጣም፤ ኮሚቴው ሌላ ቦታ ሲቆጥር ቁጥሩ ስለማይገናኝ ሙሉው ማመልከቻ ይጠረጠራል። በቆሎ ከሆነ ካሬው ይጠበዋል፣ አራት ወይም አምስት ተክል ብቻ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ በመስመሩ እየሄዱ 100 ተክል ይቁጠሩ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1 ቃዳ ሩብ ሄክታር ስለሆነ ሁለት ቃዳ ስንዴ 60 በመቶ ከወደመ የጠፋው 0.3 ሄክታር ነው።

ከባዱ ነገር የተመታውን ማሳ አርሶ ሌላ ሰብል ለመዝራት መገልበጡ ነው። ዋልካ መሬት ላይ እርጥበቱ ሳያልፍ ሽምብራ ወይም ጓያ መዝራት ያዋጣል፤ ኮሚቴው ደግሞ ሊዘገይ ይችላል። መጠበቅ የዘር ጊዜውን ያሳልፋል፣ ማረስ ማስረጃውን ያጠፋል። መፍትሔው ከእያንዳንዱ ማሳ መሃል አምስት እርምጃ ስፋት ያለው ቁራጭ ሳያርሱ መተው፣ ከማረስ በፊትም አዋሳኙ እንዲታይ አድርጎ በስልክ ፎቶ ማንሳትና ባለሙያውን ማስፈረም ነው።

መዝገቡ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው በስም ነው። በመታወቂያው፣ በይዞታ ደብተሩና በባንክ ሒሳቡ ላይ ያለው ስም እስከ አያት አንድ ይሁን፤ አንዲት ፊደል ስትለያይ ክፍያ ይቆማል። የእኩል አራሽ ከሆኑ ደብተሩ የሌላ ሰው ስለሆነ ውሉን ይያዙ፤ ውል ከሌለ ባለ መሬቱ ቀርቦ ሰብሉ የማን እንደሆነ ያስመዝግብ።

ለጠፋው ኩንታል ልክ ካሳ አይጠብቁ። የሚመጣው ብዙውን ጊዜ እህል ወይም ዘር ነው፣ አልፎ አልፎም ጥሬ ገንዘብ። እህሉ የሚታደለው በመሬት ሳይሆን በቤተሰብ ቁጥር ነው፦ የተለመደው ሙሉ ራሽን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። ለአምስት ሰው 75 ኪሎ እህል ማለት ነው። ስለዚህ አራስ ሕፃን ሳይቀር በቤተሰብ መዝገቡ መስፈሩን አስቀድመው ያረጋግጡ።

የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር በሕዝብ ፊት ሲነበብ ይገኙ። ስምዎ ከሌለ ቅሬታዎን እዚያው በጽሑፍ ያስገቡ፤ ዝርዝሩ ወረዳ ከሄደ በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው። የማዳበሪያ ብድር ካለብዎት የጉዳት ማረጋገጫውን ቅጂ ይዘው የመክፈያው ቀን ሳያልፍ ለአበዳሪው ያመልክቱና እንዲራዘምልዎ ይጠይቁ። ካለፈ በኋላ የሚጠየቅ ማራዘሚያ ከነቅጣቱ ነው የሚታየው።