ሠረገላውን ቺቲራይ ጎዳና ላይ አትጠብቁት፦ የማዱራይን ታላቅ በዓል ለማየት

ማዱራይ በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ ከቼናይ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በቫይጋይ ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ትልቁ በዓሏ ቺቲራይ ይባላል። ቺቲራይ የሚባል ጎዳናም ስላላት፣ እንግዳ ሰው የአማልክት ምስል ተጭኖበት የሚጎተተው የቺቲራይ ሠረገላ በቺቲራይ ጎዳና የሚያልፍ መስሎት ማልዶ ሄዶ ይቆማል። ሠረገላው ግን ከዚያ ወጣ ብሎ በማሲ ጎዳና ዞሮ ይገባል፤ ሰውዬው ከበሮውን ሰምቶ ሠረገላውን ሳያይ ይመለሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌው ከተማ መሃሉ ላይ ሚናክሺ የምትባለው የሂንዱ ሴት አምላክ ቤተ መቅደስ አለ፤ ዙሪያውን አራት ማዕዘን ጎዳና፣ በዚያ ዙሪያ ደግሞ ሌላ አራት ማዕዘን ጎዳና እያለ ይሰፋል። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲቆጠሩ አዲ፣ ቺቲራይ፣ አቫኒ ሙላ፣ ማሲ፣ ቬሊ ናቸው። አዲ በቤተ መቅደሱ ቅጥር ውስጥ ነው። ቬሊ ማለት «ውጭ» ሲሆን የቀሩት የታሚል ወሮችን ስም የያዙ ናቸው። የሚናክሺ የሠርግና የሠረገላ በዓል ድሮ በማሲ ወር፣ ማለትም በየካቲትና መጋቢት ገደማ ይከበር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1623 እስከ 1659 የገዛው ቲሩማላይ ናያካር ወደ ቺቲራይ ወር አዛወረውና አላጋር ከሚባለው አምላክ ጉዞ ጋር አገናኘው። ወሩ ተቀየረ፣ ጎዳናው ግን እንዳለ ቀረ። ይህን የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል።

የእያንዳንዱ ጎዳና አራት ጎን በአቅጣጫ ይጠራል፤ ምሥራቁ ኪዣ፣ ደቡቡ ቴርኩ፣ ምዕራቡ ሜላ፣ ሰሜኑ ቫዳኩ ይባላል። ባለ ባጃጁን «ማሲ ጎዳና» ብቻ ካላችሁት ከአራቱ በአንዱ ይጥላችኋል። «ኪዣ ማሲ» ካላችሁት ግን ሠረገላዎቹ ከሚነሡበት ያደርሳችኋል።

ቀኑን ማወቅ

የቺቲራይ ወር የሚገባው ሚያዝያ 6 አካባቢ ሲሆን ግንቦት 6 ገደማ ያበቃል፤ ወርና ቀኑ እዚህ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው። በዚህ መሃል የምትወጣውን ሙሉ ጨረቃ ያዙ፤ አላጋር ቫይጋይ ወንዝ የሚገባው ያን ቀን ነው። የሚናክሺ በዓል ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀምርና 12 ቀን ይቆያል። በመጀመሪያው ቀን ሰንደቅ ይሰቀላል። በ8ኛው ሚናክሺ ዘውድ ትደፋለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአራት ወር ከተማይቱን የምትገዛው እሷ ናት፣ የቀረውን ስምንት ወር ባሏ ሱንዳሬሽዋራር ይገዛል። በ9ኛው ለዘመቻ ትወጣለች፣ በ10ኛው ትዳራለች፣ በ11ኛው ሠረገላው ይጎተታል።

በሠርጉና በወንዙ ቀን መካከል ያለው ርቀት በየዓመቱ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሠርጉ ሚያዝያ 13፣ አላጋር ሚያዝያ 15 ነበር፤ ሁለት ቀን ብቻ። በ2025 ግን ሠርጉ ሚያዝያ 30፣ አላጋር ግንቦት 4 ሆነ። ባለፈው ዓመት ልክ ሆቴል የያዘ ሰው ከሁለቱ አንዱ ያመልጠዋል። ቤተ መቅደሱ የዓመቱን መርሐ ግብር አስቀድሞ ያወጣልና ከዚያ ላይ አረጋግጡ። ለሕክምና ወይም ለትምህርት ቼናይ ያላችሁ፣ ከሠርጉ ዋዜማ ጀምሮ እስከ ወንዙ ቀን ማግስት ያለውን ጊዜ ባዶ ብታደርጉት ይሻላል።

የሕንድ ሰዓት ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል። እዚህ የተጻፈው የዚያው የማዱራይ ሰዓት ነው፤ አቆጣጠሩ ብቻ የእኛ ነው። የባቡሩ ሰሌዳ 24 ሰዓት ስለሚቆጥር 21፡40 የሚለው ማታ 3፡40 ነው። ይህች ቀላል ነገር ባቡር ታስመልጣለች።

ከቼናይ ፓንዲያን ኤክስፕረስ ማታ ተነሥቶ ንጋት ላይ ማዱራይ ይገባል፤ ቫይጋይ ኤክስፕረስ ደግሞ የቀን ባቡር ነው። ቲኬት ከጉዞው 60 ቀን በፊት ይከፈታል፤ ለበዓሉ ሰሞን በዚያው ቀን ካልተያዘ አልቋል። ቲኬታችሁ ላይ «ዋይቲንግ ሊስት» የሚል ካለ አልጋ አልያዛችሁም። «አር ኤ ሲ» ካለ ግን መሳፈር ትችላላችሁ፤ አንዱን የጎን አልጋ ከሌላ ሰው ጋር ለሁለት እንደ ወንበር ትካፈላላችሁ። ማደሪያ በባቡር ጣቢያውና በቤተ መቅደሱ መካከል ያዙ። መንገዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በበዓሉ መኪና ስለሚታገድ ከዚያ ርቆ ማደር በእግር ያስኬዳል።

ቤተ መቅደሱ ውስጥ

ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ገደማ ክፍት ነው። በመሃል ይዘጋል፤ ቀትር ላይ የደረሰ እንግዳ ከተዘጋ በር ፊት ለፊት ሦስት ሰዓት ተኩል በፀሐይ ይቀመጣል።

ጫማ ማውለቅ ለእኛ ሰው አይከብድም። የሚከብደው የሚያዝያ ድንጋይ ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ግቢው ምጣድ ይሆናል፤ ምንጣፍ በተነጠፈበት ወይም ነጭ ቀለም በተቀባበት መስመር ብቻ ተራመዱ። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ቁምጣ የለበሰ ወንድ ከበር ይመለሳል፤ ነጠላ ያላት ሴት ትከሻዋን በእሱ ልትሸፍን ትችላለች። ስልክ እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ የእሳት አደጋ ወዲህ አይገባም፤ በሩ ላይ አስረክባችሁ ደረሰኝ ትቀበላላችሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎፑራም የሚባሉት ግንቦች 14 ናቸው፣ ሁሉም በቀለም ባሸበረቁ ምስሎች የተሞሉ ስለሆኑ ለአዲስ ዓይን አንድ ይመስላሉ። በምሥራቅ ገብቶ በደቡብ የወጣ ሰው ጫማውም ስልኩም ከሌላው በር ነው፤ በባዶ እግሩ በጋለ አስፋልት ይዞራል። ስለዚህ በገባችሁበት ውጡ። ለመለያ እንዲሆናችሁ ከሁሉ የሚረዝመው የደቡቡ ነው፤ 52 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ሂንዱ ያልሆነ ሰው እስከ ሰንደቅ ምሰሶዎቹ ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሁለቱ መቅደሶች፣ አይፈቀድለትም። ጥበቃዎቹን መለማመጥ ዋጋ የለውም። ውጭ የቀረው ራሱ ብዙ ነው፤ የወርቅ አበባ የሚባለው ኩሬ አለ፣ ስሙ የሺህ ምሰሶ ሲሆን ሲቆጠር 985 የሚሆነው አዳራሽም አለ። ዙረቱ ቀኝ እጃችሁን ወደ መቅደሱ አድርጋችሁ ነው። ካህን እሳት ያለበትን ሳሕን ቢያቀርብላችሁና በሥርዓቱ መካፈል ባትፈልጉ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ራሳችሁን ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ ማንም አይቀየምም። የሚሰጣችሁን ነገር ግን በግራ እጅ አትቀበሉ።

ከበዓሉ ውጭ ባሉ ቀናት ማታ 3 ሰዓት ላይ ተገኙ። 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ሱንዳሬሽዋራር በቃሬዛ ተጭኖ፣ በከበሮና በእጣን ታጅቦ ወደ ሚስቱ መኝታ ቤት ይወሰዳል። አጭር ናት፣ ግን ከብዙ የቀን ጉብኝት ትበልጣለች።

ሠርጉና ሠረገላው

የሠርጉን ሥርዓት ውስጥ ገብቶ ለማየት በቅርብ ዓመታት የ200 እና የ500 ሩፒ ቲኬት አስቀድሞ ይሸጣል፤ ያለ ክፍያ የሚገባውም ሰልፍ አለ። ውጭ ደግሞ በጎዳናዎቹ ትልልቅ ስክሪኖች ይተከላሉ። በእኛ ግምት የውጭው ይሻላል። ለሚናክሺ የጋብቻ ክሯ ሲታሰርላት በጎዳናው ያሉት ያገቡ ሴቶች ሁሉ በዚያች ቅጽበት የአንገታቸውን ቢጫ የጋብቻ ክር አውልቀው አዲስ ያስራሉ፤ ይህን ከአዳራሹ ውስጥ ሆኖ እንዲህ ማየት አይቻልም። ከዚያ ለሕዝቡ የሠርግ ድግስ ይበላል። ሰዎች እንደ ማንኛውም ሠርግ ሞይ የሚባለውን ገንዘብ ይሰጣሉ፤ እናንተም መስጠት ትችላላችሁ፣ ግዴታ የለም።

በማግስቱ ማለዳ ሁለቱ ሠረገላዎች ከኪዣ ማሲ ይነሣሉ። የባልየው ትልቁ ነው፣ የሚናክሺ አነስ ይላል። ወደ ደቡብ ታጥፈው በምዕራብና በሰሜን ዞረው ይመለሳሉ፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ቦታ ይያዝ። የሚቆመው የጎዳናው ወገብ ላይ ነው፣ ማዕዘን ላይ አይደለም። ሠረገላው መሪ የለውም። የሚታጠፈውም የሚቆመውም ሰዎች ከመንኮራኩሩ ሥር በሚወረውሩት የእንጨት ሽብልቅ ነው። ማዕዘን ላይ ገመዱ ወደ ውስጥ እየጠበበ ሕዝቡን ከግድግዳ ጋር ያጣብቃል፤ መንኮራኩሩ ሽብልቁን ሲረግጥም ሠረገላው በድንገት ይንገጫገጫል። ገመዱን መጎተት ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከያዛችሁ ከፊተኛው ጫፍ ያዙ፣ ወደ መንኮራኩሩ አትቅረቡ። ሽማግሌ ወይም ልጅ ያላችሁ ከአንድ ቀን በፊት ከባለ ሱቅ ተነጋግራችሁ ፎቅ ላይ ቦታ ለምኑ።

አላጋር

አላጋር የሚናክሺ ወንድም ነው ይባላል። ከከተማው 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚርቀው ቤተ መቅደሱ፣ ከአላጋር ኮይል፣ እህቱን ሊድር ይነሣና ሠርጉ ተፈጽሞ ይጠብቀዋል፤ ተቆጥቶ ከተማ ሳይገባ ከወንዙ ይመለሳል። ስለዚህ አላጋርን በሚናክሺ ቤተ መቅደስ አትጠብቁት፤ አይመጣም።

ከወንዙ በፊት ባለው ቀንና ሌሊት ሕዝቡ ታላኩላም በሚባለው ሰፈር ወጥቶ ይቀበለዋል። ለእንግዳ የሚመከረው ይህ ነው፤ ጎዳናው ሰፊ ነው፣ አላጋርም በየማረፊያው እየቆመ ስለሚመጣ በቅርብ ይታያል። በማግስቱ ንጋት በወርቅ ፈረስ ተቀምጦ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ሁሉም የሚጠብቀው የሐሩን ቀለም ነው፤ አረንጓዴ ከለበሰ ዓመቱ የጥጋብ ነው ይላሉ።

የወንዙ ግፊያ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለት ሰዎች ሞተውበታል። ልጅ ይዛችሁ ወደ ወንዙ አትውረዱ። ስልክ በሰው ብዛት ስለሚጨናነቅ ከጓደኞቻችሁ ጋር የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ቦታው ከወንዙ ይራቅ። ቫይጋይ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፣ ለበዓሉ ግን ከግድቡ ውኃ ይለቀቃል፤ ደረቅ ነው ብላችሁ ከመሃል አትቁሙ። አላጋርን ለማቀዝቀዝ ምእመናን ከፍየል ቆዳ ስልቻ ውኃ ይረጫሉና ካሜራና ፓስፖርት በላስቲክ ይጠቅለል።

ጾም ላይ ላሉ

የ2024ቱ በዓል በዐቢይ ጾማችን ውስጥ ወደቀ፣ የ2025ቱ ከፋሲካ በኋላ። ማዱራይ ላይ «ቬጅ» ማለት ሥጋ የለውም ማለት እንጂ የጾም ማለት አይደለም፤ ቅቤና እርጎ አለበት። «ኔይ ቬንዳም» ማለት ቅቤ አልፈልግም፣ «ታይር ቬንዳም» ማለት እርጎ አልፈልግም ነው። ኢድሊ የሚባለው ከቦካ ሩዝና ከጥራጥሬ ሊጥ በእንፋሎት የሚበስል ስለሆነ ይሆናችኋል። ዶሳም ከዚያው ሊጥ ይጋገራል፣ ግን ምጣዱ ላይ ቅቤ ያፈሱበታልና ቀድማችሁ ተናገሩ። ፖንጋል የሚባለው የሩዝና የጥራጥሬ ገንፎ በቅቤ የራሰ ነው፣ እለፉት። ቡናው ካልተናገራችሁ ከወተት ጋር ይመጣል፤ ቺኮሪ የሚባል የተቆላ ሥር ስለሚቀላቀልበት የእኛን ቡና ጣዕም አትጠብቁበት። ጾም ካልሆነ ግን ጂጋርታንዳ የሚባለውን ቀዝቃዛ ወተት፣ የለውዝ ሙጫና አይስክሬም ያለበትን ቅመሱ።

ሻጭን በዕድሜ ከፍ ካለ «አና»፣ ሴት ከሆነች «አካ» በሉ፤ እንደ ወንድም ጋሼና እንደ እታለም ነው። ማዱራይ በማሊ አበባዋ የታወቀች ናት፤ ማሊ የጃስሚን ዓይነት ነው። ጉንጉኑ በሜትር አይሸጥም፣ በክንድ ነው፤ ሻጯ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ እየለካች ትቆርጣለች። ክንዷ አጭር ነው ብሎ መከራከር የለም። ማለዳ ስትገዙ ነጭና ጥብቅ እንቡጡን ምረጡ፣ የተከፈተው ከሰዓት በፊት ይጠወልጋል፤ እንቡጡ ግን ማታ ላይ ይፈነዳል። በላስቲክ ከታሰረ አልቦ ይጠቁራል፤ በሙዝ ቅጠል እንድትጠቀልልላችሁ ጠይቁ።